የአዴ ጫልቱ እንቅልፍ

ሌላ ሰው ሲቆጣ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የእኔ ዝቅ ይላል። በጣም ስቆጣ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ በዚያ ዓመት አምቦ ውስጥ እንደ እኔ የተቆጣ ሰው እንዳልነበረ ማንም ሳያውቅ፣ ሁሉም «ይቺ የባዮሎጂ መምህርት እንዴት ያለች ጨዋ ናት» እያለ ሲያመሰግነኝ ከረመ። ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም። ስለዚህ ዛሬ እንደ ልቤ ልቆጣ ነው። የምትቸኩሉ ካላችሁ ከወዲሁ እለፉኝ፤ የቆየ ቁጣ ረጅም ነው።

ነገሩ የእንቅልፍ ነገር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አምቦ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ «ንቃ፣ ተደራጅ፣ ታጠቅ» የሚባልበት ዘመን ነው። መደራጀቱንና መታጠቁን ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት አላውቅም፤ እኛ ትምህርት ቤት ግን መንቃቱን አጥብቀን ይዘነው ነበር። ሰኞ ማታ የውይይት ክበብ፣ ረቡዕ ማታ ስብሰባ፣ ዓርብ ማታ ስለ ረቡዑ ስብሰባ ስብሰባ። አንድ ቀን ርዕሰ መምህራችን በሰልፍ ላይ «እንቅልፍ የአድኅሮት ኃይሎች መሣሪያ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ሲናገሩ እሳቸው ራሳቸው ያዛጉ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይጻፈው።

በዚህ ላይ ገመድ መጣ።

በአውራጃው የሚገኙ የመሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች የስፖርት ውድድር ሊያደርጉ ነው ተባለ፤ ለሴቶች የተመረጠው ገመድ ጉተታ ሆነ። ስምንት ሴት ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ስንቆጠር ዘጠኝ ሆንን፤ አንዷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በዚህ ዓይነት ጥብቅ ምርጫ ለቡድኑ ተመለመልኩ። ክብደቴን አልነግራችሁም። ብቻ ገመዱን ስይዘው ከሩቅ ያየ ሰው ልብስ የተሰጣ ነው የሚመስለው።

አሠልጣኛችን የስፖርት መምህሩ ጓድ ፈለቀ ነበሩ። በተፈጥሯቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋታቸው የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ሰብስበው ያስሮጡናል፤ ቀጥሎም ገመዱን ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አስረው ዛፉን ያስጎትቱናል። እስከ ዛሬ ድረስ ዛፉ ያሸንፋል። የአምቦን የኅዳር ሌሊት ለማታውቁት፣ የገመዱ ጤዛ በመዳፍ ላይ ሲቀዘቅዝ ሰው የእናቱን ስም ይረሳል።

የቡድኑ ጉልበት አንዲት ሴት ነበረች፤ ጫልቱ። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች፤ እንደ አካባቢው ደንብ «አዴ ጫልቱ» እላታለሁ። የገመዱን ጫፍ ወገቧ ላይ ጠምጥማ ወደ ኋላ ስትለጠጥ እኛ ሰባታችን ጌጥ ነን። ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ከዘመተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤ የለም። ሁለት ልጆችና አሮጊት እናት አሏት። ስድስት ዓመት ሙሉ «ጊዜያዊ ሠራተኛ» ነች። በየሦስት ወሩ ውሏ ይታደሳል፤ በየሦስት ወሩ አይታደስ ይሆናል ብላ ትንቀጠቀጣለች። ስድስት ዓመት የቆየ ጊዜያዊ ነገር እኔ ሌላ አላውቅም፤ ወንበሮቻችን እንኳ ይህን ያህል አልቆዩም።

እንግዲህ ርዕሰ መምህሩ በመምህራን ሁሉ ፊት ቃል ገቡ፦

«ዋንጫውን ያመጣችሁ እንደሆነ፣ የጓድ ጫልቱን ቋሚነት በራሴ እጅ እፈርማለሁ!»

አጨበጨብን። አዴ ጫልቱ አላጨበጨበችም፤ መጥረጊያዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውድድሩ ለእኛ ውድድር፣ ለእሷ እንጀራ ሆነ።

ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ስንገናኝ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ትለኛለች። እኔም በአማርኛ «እንዴት አደርሽ?» እላታለሁ። በሁለቱም ቋንቋ የምንጠያየቀው ስለ ሌሊቱ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ መልሱን የሚጠብቅ የለም። አንድ ቀን ግን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጠበቅኩ።

«አላደርኩም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ከዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ጀምሮ ዳቦ እጋግራለሁ። ለመጀመሪያው አውቶቡስ። ከዚያ ወደዚህ። ከዚህ ወደ መጥረጊያ። ማታ መሠረተ ትምህርት አለ፤ የቀረ ሰው ስሙ ቀበሌ ይሄዳል። ፊደሉ ሲያልቅ አራት ሰዓት ይሆናል።» ጣቷን ቆጠረች። «እንቅልፍ አለ፤ የለም አይባልም። ትንሽ ናት እንጂ።»

ክንዷን አየሁት። ከወር በፊት የነበረው ክንድ አልነበረም። ዛፉን ስትጎትት ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ መዳፏ ገመዱን ቶሎ ይለቃል። ጓድ ፈለቀም አይተዋል፤ መፍትሔም አግኝተዋል፤ ልምምዱን በግማሽ ሰዓት አስቀደሙት!

እዚህ ላይ ነው ድምፄ መጥፋት የጀመረው። ምክንያቱም እኔ ይህን ተምሬዋለሁ። አራት ዓመት መንግሥት ቀልቦ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ጡንቻ ሲሠራ አይገነባም፤ ሲሠራ ይሰነጣጠቃል። የተሰነጣጠቀውን እየሰፋ፣ እየደረበ፣ ከቀድሞው አጠንክሮ የሚመልሰው ሰውነት ሲተኛ ነው። ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መርገህ ሳይደርቅ ብትደርብበት ግድግዳው እግርህ ላይ ይወድቃል። አዴ ጫልቱ ሳትደርቅ የሚደረብባት ግድግዳ ነበረች።

ይህን ለጓድ ፈለቀ መንገር ነበረብኝ። ለወንድ መምህር ቆሜ መናገር ከምችል ባሕር ዛፉን ብነቅለው ይቀለኝ ነበር። ስለዚህ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ በሁለተኛው ገጽ የጡንቻ ሥዕል ያለበት። አጣጥፌ መዝገባቸው ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ጠሩኝ። ፊታቸው የቀብር ፊት ነበር።

«ጓድ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል» አሉ። «ስሜትሽን አከብራለሁ። ግን ባለ ትዳር ነኝ።»

መሬቱ አልተሰነጠቀም። አምቦ ላይ መሬት ከፍልውኃ በስተቀር ለማንም አይከፈትም። ለካ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው ያነበቡት። ቤቴ ገብቼ ረቂቁን ሳየው ፈረድኩላቸው። «ዓይን አፋርነቴ ከልክሎኝ እንጂ ከነገርኩዎት ቆይቼ ነበር» ይላል። «በልምምዱ ሰዓት ምክንያት እንቅልፍ ካጣን ወር ሆነን» ይላል። «ሌሊት ሌሊት ስለ ጡንቻ አስባለሁ» ይላል። ይህን ጽፌ፣ ከሥሩ ፈርሜ፣ ቀን ጽፌበት! እኚያ ደግ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳልጎዳ ብለው ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ እጅጌያቸውን ዝቅ አድርገው መቆለፍ ጀመሩ።

እሺ፤ ንግግር ካልሆነ፣ ጽሕፈት ካልሆነ፣ ተግባር ይሁን አልኩ። በዚህ ዓለም ላይ እንደ ዓይን አፋር ሰው ተግባር አደገኛ ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ የለኝም። አዴ ጫልቱ በዚያ ሰዓት ስድስት ክፍል ትጠርጋለች። የባዮሎጂ ላቦራቶሪው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ ከግቢው ጥግ ነው፤ ጭር ያለ ነው። በመካከሉ ረጅም ጠረጴዛ አለ።

«እዚህ ላይ ትተኚያለሽ፤ እኔ እጠርጋለሁ» አልኳት።

«ኧረ ቲቸር! አብደሻል?»

«ቋሚ መሆን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ጠረጴዛውን አየች፤ እኔን አየች። ጫማዋን አውልቃ ወጣችና ጭንቅላቷ ሳንቃውን ሳይነካ ተኛች። እውነቴን ነው፤ በአየር ላይ ነው የተኛችው። ዝንብ እንዳያስቸግራት ነጩን ጋዋኔን ከራስ እስከ እግሯ አለበስኳትና በሩን ቆልፌ መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ።

መጥረግ ቀላል ነው የምትሉ ካላችሁ ስድስት ክፍል ጥረጉና እንነጋገር። የመጀመሪያው ቀን አቧራው እኔን ጠረገኝ። በሁለተኛው ቀን ተማሪዎች በመስኮት አዩኝ፤ በሦስተኛው ቀን «ቲቸር ተቀጥታ ነው» ተባለ፤ በአምስተኛው ቀን ቅጣቱ ከጓድ ፈለቀ ጋር በተያያዘ ጉዳይ መሆኑ ተደረሰበት። ከእኔ በቀር ሁሉም ዝርዝሩን ያውቅ ነበር። ግን አዴ ጫልቱ! በሳምንቱ ዛፉን ስትጎትተው ቅጠል ረገፈ። በአሥረኛው ቀን ጓድ ፈለቀ አምስት ወንድ መምህራን አሰልፈው ብቻዋን ገጠሟት፤ አምስቱንም ጭቃ ላይ ጎተተቻቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ እንደ ድግስ አሳላፊ አለቃ ኮራሁ። ትዕቢት ውድቀትን ይቀድማል የሚለውን እናቴ በየእሑዱ ትለው ነበር፤ የማልሰማ ሆኜ እንጂ።

ለውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ኢንስፔክተር መጣ።

በዚያ ዘመን ትልቁ ወሬ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» ነበር። የውጭ ምንዛሪ የለም፤ ስለዚህ መምህር ሁሉ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር መርጃ መሣሪያ ሠርቶ ያስተምር ተብሏል። እኔም የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ፤ ከሸክላ ልብ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ሳንባ፣ ከላስቲክ ቱቦ አንጀት። ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው አዴ ጫልቱ ተኝታለች። ኢንስፔክተሩ አዲስ አበባ ለሚደረግ ኤግዚቢሽን ጥሩ ጥሩውን ሊመርጥ ነው የመጣው። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ትርፍ ቁልፍ እንዳለ እኔ በምን ልወቅ?

ሦስተኛውን ክፍል እየጠረግኩ በመስኮት አየኋቸው፤ በሩ ተከፍቷል። ከነመጥረጊያዬ ሮጥኩ። ስደርስ ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጋዋኑን በእግሯ በኩል ገልጦ ጎንበስ ብሏል።

«ተረከዙን ተመልከቱ!» ይላል። «ተመልከቱ እንጂ፣ ጓዶች! ንቃቃቱ ሳይቀር! ይህን የሠራ እጅ ይባረክ!»

ርዕሰ መምህሩ ከኋላው ናቸው። ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ግን ምስጋና መሆኑ ገብቷቸዋል።

«በእኔ የቅርብ ክትትል የተሠራ ነው» አሉ።

«ከምንድን ነው?» ኢንስፔክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ከሸክላ ነው? ከኮባ?»

ይህ ሰዓት ነው እንግዲህ። ሌላ ሰው ቢሆን «ሰው ናት! ደክሟት ነው!» ይል ነበር። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ በጉሮሮዬ መንገድ ጠፋበት፤ የወጣው ይህ ብቻ ነው፦

«ከ… ከአካባቢው የተገኘች ናት።»

«ግሩም!» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ማስታወሻ ያዘ። «ሙሉ በሙሉ ከአካባቢ የተገኘ። ከባድ ነው? መኪናው ላይ የሚጫን ይሆን?»

«ይጫናል፣ ይጫናል!» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ዘበኞቹን እጠራለሁ።»

አዴ ጫልቱ በዚህ መካከል ረዘም አድርጋ አንኮራፋች። ጋዋኑ በደረቷ በኩል ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አፉ ላይ አስደግፎ ቀረ።

«ይተነፍሳልም እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ይሄ በካላማዳሪያ ነው?»

መልሱን አልጠበቀም፤ ትንፋሹን ሊያዳምጥ ጆሮውን አስጠጋ። ክራቫቱ እጇን ሳይነካት አልቀረም። አዴ ጫልቱ ብድግ አለች። ከነነጭ ጋዋኗ፣ ፊቷ እንደተሸፈነ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና «ያ ዋቃዮ!» ብላ ጮኸች። ፈጣሪን ነው የጠራችው፤ የመጣው ግን ኢንስፔክተሩ ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶ ልቤ ላይ ተቀመጠ። የሸክላው ልብ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ነበሩ፤ ወዲያው ግን በር ላይ አልነበሩም፤ ከባንዲራው ሰንደቅ ሥር አገኘናቸው።

ማታውኑ ስብሰባ ተጠራ፤ ሂስና ግለ ሂስ። በእኔ ላይ የቀረበው፣ የመንግሥትን የሥራ ሰዓት በመንግሥት ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት፣ መጥረጊያ በመያዝ የመምህርነትን ክብር ማዋረድ፣ ሰውን በመርጃ መሣሪያነት ማቅረብ። በደረቅ ዓይኔ አዳመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ ቀጠሉ፦

«ጓድ ጫልቱን በሚመለከት፣ የቋሚነቱ ጉዳይ ተዘግቷል። ውሏም በወሩ መጨረሻ አይታደስም።»

አዴ ጫልቱ በሩ አጠገብ ቆማለች። አላለቀሰችም። ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አየቻቸው፤ ቆሻሻ እንዳለባቸው ለማየት ይመስል።

«ጓድ፣ ግለ ሂስሽን አቅርቢ» ተባልኩ።

ተነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ ግለ ሂሴን ጽፌ ነበር፤ «ስሕተቴን አምኛለሁ» ይላል። ወረቀቱ እጄ ውስጥ ነው። ግን የእነዚያን እጆች መዘርጋት ካየሁ በኋላ ፊደሉ አልታይ አለኝ። ድምፄ ዝቅ፣ ዝቅ አለ፤ ሰዉ ለመስማት ወንበሩን አስጠጋ፤ አንዲት ትንኝ ስታልፍ ሁሉም «እሽ!» አላት።

«ጡንቻ ስንጎትት አይገነባም» አልኩ። «ስንጎትት ይጎዳል። የሚጠግነው እንቅልፍ ነው። ይቺ ሴት በዘጠኝ ሰዓት ትጋግራለች፤ በአሥር ተኩል ትሮጣለች፤ ቀን የእናንተን ቆሻሻ ትጠርጋለች፤ ማታ ሀ ሁ ትላለች። መቼ ትጠገን? በየትኛው አጀንዳ? አሥር ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ተኛች፤ አምስታችሁን ጭቃ ላይ ጎተተች። አስተኝቻታለሁ። ነገም ባገኛት አስተኛታለሁ።»

«ይህ የአንቺ አስተያየት ነው ወይስ ሳይንስ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ሳይንስ ነው።»

«የየትኛው ጎራ ሳይንስ?»

«በሁለቱም ጎራ ሰው ይተኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁን ቶሎ ብሎ ወደ ሳል ለወጠው። ከዚያ ጓድ ፈለቀ ተነሱ። የእኔ አንድ ውለታ ያለባቸው መስሏቸው እንደሆነ እገምታለሁ።

«ስለ ጎራው አላውቅም» አሉ። «ከተጎተቱት አምስቱ አንዱ ግን እኔ ነኝ። እሑድ ለዋንጫው የሚገጥሙንን ባኮዎችን ያለ እሷ አናሸንፍም። ባኮ የእርሻ ሴቶች ናቸው፤ በቆሎ ሲኮተኩቱ ነው የሚውሉት። አንዷ ብቻ የእኛን ሰባቱን ትሸከማለች።»

ርዕሰ መምህሩ ዋንጫ ይወዳሉ፤ ቢሯቸው ውስጥ ለዋንጫ የተሠራ ባዶ መደርደሪያ አለ። ትንሽ አሰቡና «ውሳኔው ከውድድሩ በኋላ ይታያል» አሉ። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። እንቅልፍ ግን እንደ ተከለከለ ነበር፤ ትርፍ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው፤ የእኔንም ወሰዱ።

እሑድ ዕለት ባኮዎች መጡ። ከጭነት መኪናው ላይ ሲዘልሉ መሬቱ ይሰማው ነበር። ክንድ አይባልም፤ ምሰሶ ነው። አዴ ጫልቱን አየኋት፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሴቶች ናቸው?»

«በባዮሎጂ፣ አዎ» አልኳት።

የመጀመሪያውን ዙር ወሰዱት። መውሰድ ብቻ አይደለም፤ እኔን አንስተው የተመልካች ወንበር አጠገብ አስቀመጡኝ። በሁለተኛው ዙር አዴ ጫልቱ ተረከዟን መሬት ውስጥ ቀበረች፤ ያን የተመሰገነውን ተረከዝ። ወደ ኋላ ተኛች፤ ገመዱ ጮኸ፤ አሸነፍን። በሦስተኛው ዙር ረጅም ጊዜ ማንም አልተነቃነቀም። ከፊቴ የነበረችው የባኮ ሴት ዓይኗ ቀልቶ፣ አገጯ ሲወድቅ አየሁ። ከዚያ እጇ ተከፈተ። እንደዚያ ነው፤ በቀስታ፣ እንደ ተኛ ሕፃን እጅ። ሁላችንም በጀርባችን ወደቅን። ሜዳው ጮኸ። መነጽሬን ፍለጋ ስድህ ያቺ ሴት አንስታ ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ መኪና ላይ ነን» አለችኝ። «መኪናው ሁለቴ ተበላሸ። ዓይናችንን አልከደንም።»

ሳይንሴ ተረጋገጠልኝ። የተረጋገጠባትን ሴት እያየሁ ደስ ሊለኝ ሞከርኩ፤ አልሆነም። እሷንም እንዲህ ያመጧት ሰዎች አሉ፤ እነሱም የሆነ መደርደሪያ አላቸው። ቁጣዬ ለእኛ ግቢ ብቻ ይበቃ መስሎኝ ነበር፤ ለመንገዱ ሁሉ ተረፈ።

ርዕሰ መምህሩ ቃላቸውን ጠበቁ። ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤው ወጣ። አዴ ጫልቱ ፊደል እየቆጠረች ናትና እኔ ዘንድ አምጥታ «አንቢልኝ» አለች። ጮክ ብዬ ጀመርኩ። «…በቋሚነት የተቀጠሩ መሆኑን እናስታውቃለን። የሥራ መደብ…» ላይ ስደርስ ቆምኩ።

የሌሊት ጥበቃ ይላል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ደብዳቤውን እንደያዝኩ ወደ ቢሮ ሄድኩ። አላንኳኳሁም። በሕይወቴ ሳላንኳኳ የገባሁበት ብቸኛ በር ነው።

ርዕሰ መምህሩ በፈገግታ «ያለው ክፍት መደብ እሱ ነው» አሉኝ። «ደግሞም ጓድ ጫልቱ ቀን የመተኛት ልምድ እንዳላት በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። ለሌሊት ከእሷ የተሻለ ማን አለ? የሴቶች እኩልነትም ነው።»

ያን ጊዜ ጮኽኩ። እኔ! ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሃያ አራት ዓመት የት ተቀምጦ እንደከረመ አላውቅም። «ይቺ ሴት መተኛት አለባት!» አልኩ። ታይፒስቷ መምታት አቆመች። በግቢው ያለ ሰው ሁሉ ቆመ። ፍልውኃ የሚታጠቡ ሳይቀሩ ሰምተዋል ይባላል።

ርዕሰ መምህሩ አልተቆጡም። ዓይናቸው በራ።

«ይህን የመሰለ ድምፅ ደብቀሽ!» አሉ። «ጓድ ታይፒስት፣ የኪነት ቡድኑ ውስጥ መዝግቢያት። ልምምዱ ማታ ማታ ነው።»

ወጥቼ አዴ ጫልቱን ፈለግኳት። ምን ብዬ እንደማጽናናት አላውቅም። ከግቢው በር አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ጎጆ ሳቅ ሰማሁ። ጡረታ የወጡት የሌሊት ዘበኛ ኦቦ ዳባ ሥራውን እያስረከቧት ነው። ሰውዬው ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ጉንጫቸው ግን የሕፃን ጉንጭ ነው፤ ትከሻቸው የበር ያህል ሰፊ ነው። እስከዚያ ቀን ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም።

«ይሄ ዱላው ነው» ይላሉ። «ይሄ አልጋው ነው። ፍራሹን በየክረምቱ ታሰጪዋለሽ።»

«ኦቦ ዳባ፣ ሌሊት ምን ይደረጋል?» አለቻቸው።

«ሌሊትማ ምን ይደረጋል፣ ልጄ? ይተኛል እንጂ።»

ወደ እኔ ዞረች። ጥርሷ ሁሉ ይታያል። «ቲቸር፣ ሰማሽ? ዳቦው ቀረ። መሠረተ ትምህርቱም ቀረ፤ ሥራ ላይ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ! ጌታ ይባርክሽ፣ ቲቸር፤ ያንቺ ጩኸት ነው ያገኘልኝ!»

መናገር ፈለግኩ፤ ድምፄ ተመልሶ ሄዷል።

አሸናፊ ስለሆንን ለክፍለ ሀገሩ ውድድር አልፈናል፤ ልምምዱም ቀጥሏል። ማታ እስከ አራት ሰዓት በኪነት ቡድኑ ስጮህ አመሻለሁ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል የትምህርት ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ። በሩ ዝግ ነው። አንኳኳለሁ። ዝም። ደግሜ አንኳኳለሁ። ብርዱ በጫማዬ ሶል ይገባል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አልጋ ሲንቋቋ ይሰማል፤ ከዚያ ያ ወፍራም፣ የጠገበ፣ የጤነኛ ሰው ድምፅ ግቢውን ይሞላዋል፦

«ማነው በዚህ ሌሊት ሰው የሚቀሰቅሰው!»

«ይቅርታ፣ አዴ ጫልቱ» እላለሁ፤ «ተኚ፣ ተኚ።»

ከዚያም ቁጣዬን ታቅፌ በአጥሩ ላይ እንጠላጠላለሁ።